ሊኑክስ ላይ የሚሰራ የምስጠራ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ለምን ይወድቃል?

ሊኑክስ ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሰራ የምስጠራ ኮድ አለ እንበል። ቴስቶቹ በሙሉ ያልፋሉ። ያንኑ ኮድ አንድ ፊደል ሳትነኩ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ታደርጉታላችሁ። ኮምፓይለሩ ምንም ቅሬታ የለውም። ፕሮግራሙ ግን ገና ሲነሳ ክራሽ ያደርጋል። አንዳንዴ ይባስ ብሎ ምስጠራውን በትክክል ይጨርስና፣ ቆይቶ ከምስጠራ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ ላይ ይወድቃል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሒሳቡን ነው። ሒሳቡ ግን አልተቀየረም። የታወቀው የምስጠራ ዘዴ ኤኢኤስ የትም ሄደ የት ኤኢኤስ ነው፤ ያው ቁልፍና ያው ጽሑፍ ያንኑ ውጤት ይሰጣሉ። የተቀየረው ኮዱ ከሲስተሙ ጋር ያለው ስምምነት ነው። ፈንክሽን ሲጠራ ግብዓቶቹ የት ይቀመጣሉ? የትኛውን ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) እንደፈለጉ መጠቀም ይቻላል፣ የትኛውንስ እንደነበረ መመለስ ግድ ነው? «ሎንግ» የሚባለው ቁጥር ስንት ባይት ነው? ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ነገራቸውን የሚያስቀምጡበት ሜሞሪ፣ ስታኩ፣ ምን ያህል ሰፊ ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። አብዛኛው ኤቢአይ በሚባለው የየሲስተሙ ደንብ የተወሰነ ነው።

ታዲያ ሌላው ኮድ ለምን አይወድቅም? ተራ ኮድ ላይ ይህን ስምምነት የሚያከብረው ኮምፓይለሩ ስለሆነ ነው። ለዊንዶውስ ሲያዘጋጅ የዊንዶውስን፣ ለሊኑክስ ሲያዘጋጅ የሊኑክስን ደንብ ይከተላል። ፕሮግራመሩ ጉዳዩን ሳያስበው ዕድሜውን ሙሉ ሊሰራ ይችላል። የምስጠራ ኮድ ግን በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ፣ ማለትም ትእዛዝ በትእዛዝ ለፕሮሰሰሩ የሚጻፍ ኮድ፣ ይበዛበታል። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው። ሌላው ይከብዳል። ኮዱ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ምስጢሩ መለያየት የለበትም። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቢት 1 ሲሆን ረዘም፣ 0 ሲሆን አጠር የሚል ከሆነ፣ ጊዜውን የሚለካ ሰው ቁልፉን ቀስ በቀስ ሊያወጣው ይችላል። ኮምፓይለር ደግሞ ለዚህ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ኮምፓይለሩን ትተው ለፕሮሰሰሩ በቀጥታ ይጽፋሉ። እሱን በተዉበት ቦታ ሁሉ ደንቡን የማክበሩ ሸክም የራሳቸው ይሆናል።

አንድ ፈንክሽን ቀረብ ብለን እንይ

በአሴምብሊ የተጻፈ የኤኢኤስ ፈንክሽን አለ። አራት ነገር ይቀበላል፦ የግብዓቱን አድራሻ፣ ውጤቱ የሚጻፍበትን አድራሻ፣ የቁልፉን አድራሻ፣ በመጨረሻም የብሎኮቹን (የሚመሰጠሩትን ቁርጥራጮች) ብዛት።

በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ሊኑክስ፣ ማክኦኤስና ቢኤስዲዎቹ ሲስተም ፋይቭ የሚባለውን ደንብ ይከተላሉ። በዚህ ደንብ አራቱ ግብዓቶች አርዲአይ፣ አርኤስአይ፣ አርዲኤክስና አርሲኤክስ በሚባሉ ሬጂስተሮች በዚሁ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ዊንዶውስ ግን አርሲኤክስ፣ አርዲኤክስ፣ አር8፣ አር9 ብሎ ነው የሚልካቸው።

አሁን ምን እንደሚፈጠር ተመልከቱ። ለሊኑክስ የተጻፈው ፈንክሽን ዊንዶውስ ላይ ሲጠራ ግብዓቱን ከአርዲአይ ለማንበብ ይሞክራል። እዚያ ያለው ከዚህ ጥሪ ጋር የማይገናኝ፣ ሌላ ኮድ የተወው ቁጥር ነው። ቁልፉን ከአርዲኤክስ ያነባል፤ እዚያ ያለው ግን የውጤቱ አድራሻ ነው። የብሎኮቹን ብዛት ከአርሲኤክስ ይወስዳል፤ እዚያ የተቀመጠው የግብዓቱ አድራሻ ስለሆነ ብዛቱ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። ፕሮግራሙ ወዲያው ይወድቃል። ይህ ቀላሉ ክራሽ ነው፤ እዚያው ጥፋቱ ያለበት መስመር ላይ ነው የሚቆመው።

ማስተካከያውም ቀላል ይመስላል። ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ አራት ትእዛዝ ይጨመራል። አርሲኤክስ ውስጥ ያለው ወደ አርዲአይ፣ አርዲኤክስ ውስጥ ያለው ወደ አርኤስአይ እያለ ሁሉም ወደሚጠበቅበት ቦታ ይዛወራል። ክራሹ ይጠፋል። ኤኢኤስ ትክክለኛውን ውጤት ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ ተፈታ» ብሎ ይዘጋዋል።

ነገር ግን የስምምነቱ ግማሽ ብቻ ነው የተከበረው። በሊኑክስ ደንብ አርዲአይና አርኤስአይን ተጠሪው ፈንክሽን እንደፈለገ ሊጠቀምባቸው ይችላል። በዊንዶውስ ደንብ ግን የጠሪው ንብረት ናቸው። ተጠሪው ከነካቸው ከመመለሱ በፊት እንደነበሩ አድርጎ ማስረከብ አለበት። ከኤክስኤምኤም6 እስከ ኤክስኤምኤም15 ያሉት ሰፋፊ ሬጂስተሮችም ዊንዶውስ ላይ እንዲሁ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ አንዳቸውም ጥበቃ የላቸውም። ስምንት ብሎክ በአንድ ጊዜ የሚያመሰጥር ፈጣን ኤኢኤስ እነዚህን ሬጂስተሮች አንድ በአንድ ይሞላቸዋል። ስራውን ጨርሶ ሲመለስ ጠሪው እዚያ ያስቀመጠው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ወይም ቁጥር ጠፍቷል። ጠሪው ይህን አያውቅም። ጥቂት ወይም ብዙ መስመር ይሄድና ያንን የተበላሸ ቁጥር ሲጠቀም ይወድቃል።

የዚህ ዓይነቱ ባግ መለያ አለው። ለምርመራ በሚዘጋጀው ዲበግ ቢልድ ላይ ይሰራል፣ ለተጠቃሚ በሚወጣው ሪሊዝ ቢልድ ላይ ይወድቃል። ዲበግ ቢልድ ላይ ኮምፓይለሩ አብዛኛውን ጊዜ ተለዋዋጮቹን ሜሞሪ ላይ ስለሚያስቀምጥ የሬጂስተሩ መበላሸት አይሰማውም። ሪሊዝ ላይ ደግሞ ለፍጥነት ሲል ሬጂስተር ውስጥ ይይዛቸዋል። አንድ የማይገናኝ መስመር፣ ለምሳሌ ማተሚያ ትእዛዝ፣ ስትጨምሩ ክራሹ ቦታ ከቀየረ ወይም ከጠፋም መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው። የወደቀበትን መስመር እያገላበጡ መዋል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

የሚያዋጣው ፈንክሽኑን ለብቻው መፈተን ነው። ከመጠራቱ በፊት መጠበቅ ያለባቸው ሬጂስተሮች ሁሉ የታወቀ ቁጥር ይሞላባቸዋል። ከተመለሰ በኋላ አንድ በአንድ ይታያሉ። አንዱ እንኳ ከተቀየረ ጥፋተኛው ታወቀ። የጉግል የምስጠራ ላይብረሪ ቦሪንግኤስኤስኤል ይህን የሚያደርግ የራሱ መፈተሻ አለው፤ የአሴምብሊ ፈንክሽኖቹ በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። ሌላው የምስጠራ ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል ደግሞ ችግሩን ከምንጩ ለመቀነስ አሴምብሊውን በፐርል ስክሪፕት ያመነጫል። ስክሪፕቱ ለዊንዶውስ ሲጠየቅ የግብዓት ማዛወሪያውንና የሬጂስተር ማስቀመጫውን አብሮ ያወጣል። እኔ ይህ ዘዴ ቢያስጠላም ትክክለኛው ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ሲስተም በእጅ የተገለበጠ ኮፒ ውሎ አድሮ እርስ በርሱ መለያየቱ አይቀርም።

አድራሻው ምን ይላል?

ክራሽ ሲደርስ የባግ መመርመሪያው ፕሮግራም፣ ዲበገሩ፣ የሚያሳየው አድራሻ ብዙ ይናገራል። አንዳንዴም ያሳስታል።

ከሚያሳስቱት አንዱ የአላይንመንት ችግር ነው። ሰፋፊዎቹን ሬጂስተሮች ከሚሞሉት ትእዛዞች አንዳንዶቹ የሚያነቡት አድራሻ ለ16 የሚካፈል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ካልሆነ ፕሮሰሰሩ ስራውን ያቆማል። ሊኑክስ ይህን ተራ የሜሞሪ ጥሰት ብሎ ሪፖርት ያደርገዋል፤ የጥሰቱን አድራሻም ዜሮ ብሎ ይጽፈዋል። ዊንዶውስ ደግሞ አድራሻውን ሁሉም ቢቱ 1 የሆነ ግዙፍ ቁጥር አድርጎ ያሳያል። ሁለቱም እውነተኛው አድራሻ አይደሉም። ሊኑክስ ላይ ያለው ሰው ባዶ ፖይንተር ሲፈልግ ይውላል፣ ዊንዶውስ ላይ ያለው ደግሞ የተበላሸ ፖይንተር። ፖይንተሩ ግን ደህና ነው።

መፍትሔው ሪፖርቱን ትቶ የወደቀውን ትእዛዝ ራሱን ማየት ነው። የተጠቀመበት ሬጂስተር ውስጥ ያለው አድራሻ በሄክሳዴሲማል ሲጻፍ የመጨረሻው አሃዝ 0 ከሆነ ለ16 ይካፈላል። ስታክ ላይ ያለ አድራሻ ሆኖ በ8 ካለቀ፣ አንድ ቦታ ላይ ስታኩ በ8 ባይት ተዛንፏል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው በእጅ የተጻፈ ፈንክሽን ሌላ ፈንክሽን ከመጥራቱ በፊት ስታኩን አለማስተካከሉ ነው። በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ችግሩ ይብሳል። እዚያ ስታኩ ለ4 መካፈሉ ብቻ ነው የሚረጋገጠው፣ በሲ ቋንቋ ሜሞሪ የሚጠየቅበት ማሎክ የሚሰጠው አድራሻም ለ8 ብቻ። ስለዚህ ያው ኮድ አንዴ ይሰራል፣ አንዴ ይወድቃል።

ሌላው ምልክት አድራሻው በግማሽ መቆረጡ ነው። 64 ቢት ሊኑክስና ማክኦኤስ ላይ ሎንግ 8 ባይት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው። ፖይንተር ግን ሁለቱም ጋ 8 ባይት ነው። አንድ ሰው ድሮ ፖይንተርን ሎንግ ውስጥ ካስቀመጠ ሊኑክስ ላይ ምንም አይሆንም። ዊንዶውስ ላይ የላይኛው ግማሽ ይጠፋል። ዲበገሩ ላይ የላይኛው ግማሹ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ወይም ሙሉ በሙሉ ኤፍ የሆነ አድራሻ ስታዩ ወዲያው ሎንግ የሚለውን ቃል ኮዱ ውስጥ ፈልጉ።

በምስጠራ ላይ ይኸው የሎንግ ጉዳይ ሌላ መዘዝ አለው። አርኤስኤ የሚባለው ሌላ የምስጠራ ዘዴ የሚጠቀምበት 2048 ቢት ቁጥር በአንድ ሬጂስተር አይያዝም። በ64 ቢት ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ 32 ቦታ ይይዛል፤ በጠቅላላው 256 ባይት ማለት ነው። የሲ ኮዱ «32 ሎንግ የሚይዝ ቦታ ስጠኝ» ካለ ሊኑክስ ላይ 256 ባይት ያገኛል። ዊንዶውስ ላይ የሚያገኘው 128 ብቻ ነው። አሴምብሊው ግን ስለ ሎንግ የሚያውቀው ነገር የለም። 256ቱንም ባይት ይጽፋል። ትርፉ 128 ባይት የጎረቤቱን ሜሞሪ ያጠፋል። ፕሮግራሙ እዚያ ላይወድቅ ይችላል። የሚወድቀው ቆይቶ፣ ያ ሜሞሪ ሲለቀቅ ነው። ስታክ ትሬሱ (የፈንክሽን ጥሪዎቹ ዝርዝር) የሚያሳየውም ከአርኤስኤ ጋር ዝምድና የሌለው ኮድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለሜሞሪ ችግር ሁሉም የሚሮጠው ወደ አድረስ ሳኒታይዘር ነው። ግሩም መሳሪያ ነው። ግን የሚሰራው ኮምፓይለሩ በየንባቡና በየጽሕፈቱ ላይ ፍተሻ ሲጨምርበት ነው። በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ውስጥ ኮምፓይለሩ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ አሴምብሊው ከድንበር አልፎ ሲጽፍ ሳኒታይዘሩ አያየውም፤ ሪፖርት አለመኖሩም ኮዱ ንጹህ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሊኑክስ ላይ ቫልግራይንድ ይሻላል፣ የተጠናቀቀውን የማሽን ኮድ ራሱን ነውና የሚከታተለው። ዊንዶውስ ላይ ፔጅ ሂፕን ሙሉ በሙሉ ማብራት፣ ማክኦኤስ ላይ ጋርድ ማሎክን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱም ለፕሮግራሙ የተሰጠው ሜሞሪ ካለቀበት ቀጥሎ የተከለከለ ገጽ ያስቀምጣሉ። ድንበሩን ያለፈ ኮድ፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ እዚያው ይያዛል።

ስታክ፣ ሰንጠረዥና ሲግኢል

የስታክ ስፋትም ከሲስተም ሲስተም ይለያያል። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ 8 ሜጋባይት ነው። ዊንዶውስ ላይ ካልተቀየረ 1 ሜጋባይት ነው። ማክኦኤስ ላይ ከዋናው ውጭ ያሉ ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ስራዎች) 512 ኪሎባይት ይሰጣቸዋል። አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀምበት መስል የሚባለው የሲ ላይብረሪ ደግሞ ለትሬድ 128 ኪሎባይት ነው የሚሰጠው። ድሮ የምስጠራ ኮድ ስታክ ላይ የሚያስቀምጠው ጥቂት መቶ ባይት ስለነበር ይህ አያስጨንቅም ነበር። ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉት አዳዲስ ዘዴዎች ግን ትልልቅ ናቸው። የክላሲክ መክኤሊስ ትንሹ የሕዝብ ቁልፍ 261,120 ባይት ነው። ትልቁ 1,357,824 ባይት ነው። ትንሹ እንኳ የመስልን ትሬድ ይሞላዋል፣ ትልቁ ዊንዶውስ ላይ ብቻውን ከስታኩ በላይ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙ ፈንክሽኑ ውስጥ ገና ሲገባ፣ ምንም ስራ ሳይጀምር ይወድቃል።

ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሲስተም ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማል። በኤፕሪል 2023 ከወጣው 7.3 ጀምሮ በብዙ ማሽኖች ላይ የፕሮግራም ኮድ ያለበት ሜሞሪ እንዲሮጥ እንጂ እንዲነበብ አይፈቀድም። ዓላማው ጥሩ ነው፤ አጥቂ ኮዱን አንብቦ ለጥቃት የሚመቹ ቁርጥራጮችን እንዳይለቅም ነው። ችግሩ የድሮ የምስጠራ አሴምብሊ የራሱን ሰንጠረዦችና ቋሚ ቁጥሮች እዚያው ከኮዱ አጠገብ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። ኮዱ ሰንጠረዡን ሊያነብ ሲሞክር ይወድቃል። ሊነበብ ያልተቻለው አድራሻ እየሮጠ ካለው ትእዛዝ አድራሻ በጣም የቀረበ ከሆነ መንስኤው ይኸው ነው። ሰንጠረዡን ለንባብ ብቻ ወደተለየው ክፍል ማዛወር ይፈታዋል።

ሲግኢል የሚባለው ምልክት ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው ይመጣል። በአዲስ ማሽን ላይ «ለዚህ ፕሮሰሰር አመቻችልኝ» ተብሎ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ ወደ አሮጌ ማሽን ሲሄድ የተለመደ ነው። ግን ሁሉም ሲግኢል ባግ አይደለም። በአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ኦፕንኤስኤስኤል ሲነሳ የተወሰኑ ትእዛዞችን ሆን ብሎ ይሞክራል። ካልሰሩ ምልክቱን ራሱ ይዞ ያልፋል፣ ያን ትእዛዝም አይጠቀምም። ዲበገር ውስጥ ስትሆኑ ግን ዲበገሩ ቀድሞ ይይዘውና ይቆማል። ቀጥል ብትሉት ይቀጥላል። ስንት ሰው በዚህ የሌለ ክራሽ ጊዜውን አቃጥሏል!

ክራሽ የማይመስሉ ግን ወደ ክራሽ የሚያመሩም አሉ። ዊንዶውስ ላይ ፋይል በጽሑፍ ሞድ ሲከፈት ዋጋው 26 የሆነ ባይት የፋይል መጨረሻ ተደርጎ ይቆጠራል። 32 ባይት ያለው የዘፈቀደ ቁልፍ ውስጥ ይህ ባይት የመገኘት ዕድሉ ከ8 ወይም ከ9 ቁልፎች በአንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ቁልፎች ይሰራሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ተቆርጠው ይነበባሉ። መፍትሔው በባይናሪ ሞድ መክፈት ነው። ሌላው፣ ዊንዶውስ ላይ አንዱ ዲኤልኤል (የላይብረሪ ፋይል) የወሰደውን ሜሞሪ ሌላ የሲ ላይብረሪ የሚጠቀም ኮድ መልቀቅ የለበትም። የወሰደው ራሱ ይልቀቀው።

ክራሹን ማጥፋትና ችግሩን መፍታት

ከየት እንደሚጀመር ግራ ሲገባ አሴምብሊውን አጥፍቶ መሞከር ጥሩ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል «ኖ-ኤኤስኤም» የሚል አማራጭ አለው። ያኔ ሁሉም ነገር በሲ ኮድ ይሰራል። ክራሹ ከጠፋ ፍለጋው ወደ አሴምብሊው ጠበበ ማለት ነው። ካልጠፋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ግን ይህ መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። አሴምብሊውን እንዳጠፉ መልቀቅ ያጓጓል፣ ፕሮግራሙ ይሰራልና። የሚተካው የሲ ኮድ ግን በሰንጠረዥ የሚሰራ ኤኢኤስ ሊሆን ይችላል። የምስጠራ ተመራማሪው ዳንኤል በርንስታይን በ2005 እንዳሳየው፣ ሰንጠረዡ በፕሮሰሰሩ ፈጣን ሜሞሪ (ካሽ) ውስጥ መኖርና አለመኖሩ የሚፈጥረው የጊዜ ልዩነት የኤኢኤስን ቁልፍ ያወጣል። ክራሹ ሄደ፣ ምስጢሩም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ዲቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እዚያ ክራሽ እንኳ አልነበረም። ቫልግራይንድ ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ «ያልተሞላ ሜሞሪ ተነበበ» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። በ2006 ማስጠንቀቂያው እንዲቆም ተብሎ ኮዱ ተነካ። ማስጠንቀቂያው ቆመ። ችግሩ፣ ከወጡት መስመሮች አንዱ እውነተኛውን ዘፈቀደ ወደ ቁጥር ማመንጫው የሚያስገባው ነበር። ከዚያ በኋላ በቁልፎቹ ላይ ልዩነት የሚያመጣው የፕሮሰሱ ቁጥር (ሲስተሙ ለሚሮጠው ፕሮግራም የሚሰጠው መለያ) ብቻ ሆነ። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ከ32,768 የማይበልጥ አማራጭ ቀረ። ያን ሁሉ ቁልፍ ማንም ሰው በአጭር ጊዜ ዘርዝሮ ሊጨርስ ይችላል። ጉዳዩ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። በዚህ መካከል ቴስቶች ያልፉ ነበር፣ ግንኙነቶች ይመሰጠሩ ነበር፣ ምንም የወደቀ ነገር አልነበረም።

ለዚህ ነው የምስጠራ ኮድ ሲስተካከል «ከእንግዲህ አይወድቅም» የሚለው የማይበቃው። ማስተካከያው ለምን እንደሰራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለባችሁ። «ኤክስኤምኤም6ን ሳንመልስ ስለነበረ» መልስ ነው። «ይህን መስመር ሳወጣው ተሻለው» መልስ አይደለም። ከዚያ የታወቁ የመፈተሻ እሴቶች በሪሊዝ ቢልድ፣ በእያንዳንዱ ሲስተም ላይ ይሮጣሉ። ለኤኢኤስ በ2001 የወጣው ፊፕስ 197 ደረጃ ራሱ ምሳሌ ቁልፍ፣ ግብዓትና ውጤት ይዟል። ግብዓቱ ሜሞሪ ላይ ሆን ተብሎ ባልተስተካከለ አድራሻ ተቀምጦም ይሞከር፤ የብሎኮቹ ብዛት 0፣ 1፣ 7፣ 8፣ 9 ሆኖም ይሞከር። ስምንት በስምንት የሚሰራ ኮድ ጫፎቹ ላይ ነው የሚሳሳተው።

በመጨረሻ ስለ ኮር ዳምፕ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ሲስተሙ የሜሞሪውን ኮፒ ፋይል ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ለምርመራ ወርቅ ነው። ግን በዚያ ሜሞሪ ውስጥ ቁልፉም አለ፣ ያልተመሰጠረው ጽሑፍም አለ። ያን ፋይል ለስራ ባልደረባ በኢሜይል መላክ ወይም ባግ ሪፖርት ላይ ማያያዝ ቁልፉን መስጠት ነው። ኮዱን ወደ ሌላ ሲስተም ስታዛውሩ ለሙከራ ብቻ የተፈጠረ ቁልፍ ተጠቀሙ። ክራሹ እውነተኛ ሰርቨር ላይ ከደረሰና ዳምፑ ከማሽኑ ከወጣ፣ ያ ቁልፍ እንደተሰረቀ ይቆጠርና በዚያው ቀን ይቀየር።